ዳይስ ለጀግና አያዳላም

የእህቴ ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ሳሎኔን ይወርሰዋል። እሱና አራት ጓደኞቹ ጠረጴዛውን ከበው ይቀመጣሉ። አንዱ ያወራል፣ ሌሎቹ ያዳምጣሉ፤ ድንገት አንዱ ብድግ ብሎ «በሩን በትከሻዬ እገነጥለዋለሁ!» ይላል። በር የለም። የሚገነጠል ነገርም የለም። ከዚያ የሉዶ ዳይስ የሚመስል፣ ግን ገጹ የበዛ ነገር ይወረውርና አምስቱም አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። «ሦስት!» ይባላል። ሳቅ በሳቅ ይሆናሉ። ልጁ በሩን ሊገነጥል ሄዶ ትከሻውን ይዞ ተመለሰ ማለት ነው።

ሁለት ወር ሙሉ ቻልኩት። በሦስተኛው «አንተ ልጅ፣ እኔ ባንተ ዕድሜ...» ብዬ ልጀምር ስል «ጋሼ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ይዩልኝና ከዚያ ይሰድቡኛል» ብሎ ቴሌቪዥኑን ከፈተልኝ። «ዘ ሌጀንድ ኦቭ ቮክስ ማኪና» ይባላል፤ የአሜሪካኖች ካርቱን ነው። ካርቱን ስላችሁ ልጆቻችሁን እንዳትጠሩ። ደሙ፣ ስድቡና ብልግናው ለአዋቂም የተትረፈረፈ ነው። ልሰድብ ተቀምጬ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ምዕራፎች፣ 36ቱንም ክፍል ጨረስኩ። ስድቤ አልቀረም፤ የተሳደብኩት ግን መጀመሪያ ባሰብኩት ነገር አይደለም።

ነገሩ ወዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ለካርቱንና ለቪዲዮ ጌም ድምፃቸውን በመስጠት የሚተዳደሩ የሎስ አንጀለስ ተዋንያን ለአንዱ ጓደኛቸው፣ ለሊያም ኦብራየን ልደት ተሰብስበው አንድ ጨዋታ ይጫወታሉ። የጨዋታው አያት ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 ያወጡት «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ነው። አንድ ሰው አጫዋች ይሆናል፤ አገሩን፣ ንጉሡን፣ ጭራቁን፣ የጠላ ቤቷን ባለቤት ሳይቀር እሱ ይፈጥራል። የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ። ገጸ ባሕርዩ ምን እንደሚያደርግ የሚወስነው ተጫዋቹ ነው፤ መሳካት አለመሳካቱን ግን ባለ 20 ገጹ ዳይስ ይናገራል። ማቲው መርሰር የተባለው ጓደኛቸው አጫዋች ሆነ። ለአንድ ቀን የታሰበው ጨዋታ ዓመታት ቆየ፤ በማርች 2015 ካሜራ ፊት ወጥቶ ሐሙስ ሐሙስ ማታ በኢንተርኔት በቀጥታ ይተላለፍ ጀመር። በኦክቶበር 2017 የመጀመሪያው ታሪክ ሲያበቃ 115 ክፍል ሆኖ ነበር። አንዱ ክፍል ሦስት አራት ሰዓት ይፈጃል። ደምሩት፣ ከ400 ሰዓት በላይ ነው!

በማርች 2019 እነዚሁ ሰዎች «ኪክስታርተር» በሚባለው መንገድ፣ ማለትም ከተመልካቹ ገንዘብ በማሰባሰብ፣ አንዲት የ22 ደቂቃ ካርቱን እንሥራ ብለው 750 ሺህ ዶላር ጠየቁ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ገንዘቡ ሞላ። መዋጮው ሲዘጋ 88,887 ሰዎች ከ11 ሚሊዮን 300 ሺህ ዶላር በላይ አዋጥተዋል። ከዚያ አማዞን መጣና አንዷ ካርቱን ተከታታይ ፊልም ሆነች፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ በጃንዋሪ 2022 ታየ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አሰብኩ። ሰማንያ ስምንት ሺህ ሰው ከኪሱ ያወጣው ለምንድነው? ዘንዶ ለማየት እንዳትሉኝ፤ ዘንዶማ በየፊልሙ ሞልቷል። ሰይፍም፣ ኤልፍም፣ አስማተኛም እንደዚያው። እነዚህ ሰዎች 400 ሰዓት የተቀመጡት ሌላ ነገር ለማየት ነው፦ የሚዋደዱ ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ከበው፣ ማንም ባልጻፈው ዕጣ ሲወድቁ፣ ከወደቁም በኋላ እዚያው ሲቀመጡ ለማየት። እንግዲህ ፊልሙን የምመዝነው በዚህ ነው። ያንን ጠረጴዛ ይዞ መጥቷል ወይስ ዘንዶውን ብቻ?

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎች ዘንዶውን ብቻ ነው ይዘው የመጡት። ሰባት ሰካራም ጀብደኞች ጠላ ቤት ውስጥ ይደባደባሉ፣ ያስታውካሉ፣ ይሳደባሉ፤ ከዚያ ሥራ ይሰጣቸውና ሰማያዊ ዘንዶ ይገድላሉ። የእያንዳንዱ ክፍል ርዝመት ግማሽ ሰዓት ስለማይሞላ ሁሉም ነገር ይሮጣል። አንዱ ሲቆርጥ ሌላው ይፈነዳል፣ ሌላው ሲፈነዳ አንዱ ይቀልዳል። ዳይሱ ተወስዷል፤ በምትኩ የተቀመጠው ደግሞ ጀግኖቹ እንደማይሞቱ ቀድሞ የሚያውቅ ጸሐፊ ነው። ይህን እኛም ስለምናውቅ ሰይፉ ምንም አያስፈራንም።

ስለ አዝማሪው አንድ ነገር ካልተናገርኩ ይቆጨኛል። ስካንላን ይባላል፤ መሰንቆ ባይሆንም ክራር ቢጤ ይዞ በዘፈኑ አስማት የሚሠራ ድንክ ነው። አዝማሪ ሲባል እኛ ጆሯችን ይቆማል። ሰሙን ሰጥቶን ወርቁን ፍለጋ እስኪያደክመን እንጠብቃለን። የስካንላን ግጥም ሰሙም ወርቁም አንድ ነው፤ ሁሉም ከወገብ በታች። አንድ ጊዜ ያስቃል፣ ሁለተኛም ይሁን፣ በአሥረኛው አቦ ይበቃል ያሰኛል። በቀጥታው ጨዋታ ላይ ተጫዋቹ ሳም ሪጀል ግጥሙን እዚያው በዚያው ስለሚፈጥረው ብልግናው ራሱ ጀግንነት ነበረው። ተጽፎ፣ ተጠንቶ፣ ተስሎ ሲመጣ ግን የቀረው ብልግናው ነው።

ነገሩ የሚነቃው ከሦስተኛው ክፍል ጀምሮ ነው። ከሰባቱ አንዱ ፐርሲ የመኳንንት ልጅ ነው፤ ሙሉ ስሙ ተነቦ እስኪያልቅ ቡና ይፈላል። ብራይርዉድ የሚባሉ ባልና ሚስት፣ እሱ ደም መጣጭ እሷ ጠንቋይ፣ ቤተሰቡን ፈጅተው ከተማውን ዋይትስቶንን ወርሰዋል። ፐርሲ ታዲያ ባለ ስድስት አፈ ሙዝ ሽጉጥ ሠርቶ በየአፈ ሙዙ ላይ የጠላቶቹን ስም ቀርጿል። ሽጉጡም «ዝርዝሩ» ይባላል። ደም መመለስ ምን እንደሆነ ለኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት እንዲሉ፣ ፐርሲ በጨዋ አንደበቱ እየተናገረ ከውስጡ ጥቁር ጭስ ይወጣል። ጓደኞቹ ጭሱን ያያሉ፤ ግን እየረዳቸው ስለሆነ ዝም ይሉታል። ይህቺ ዝምታ ልክ ናት። ቂመኛ ወዳጅ ጠላታችንን እስከገደለልን ድረስ ማን ይገሥጸዋል? ጉዱ የሚመጣው በስድስተኛው አፈ ሙዝ ላይ የገዛ እህቱ ስም ተጽፎ ሲገኝ ነው። የዝርዝር ጠባዩ ይኸው ነው፤ ስም ማለቁን አይወድም።

ዋናው ግን ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ነው። ጀብደኞቹ ጥንታዊ መቃብር ውስጥ ገብተው አንድ የተቀደሰ ትጥቅ ያገኛሉ። ወጥመድ ይኖረዋል ተብሎ መፈተሽ ነበረበት፤ ፐርሲ ሳይፈትሽ ነካው። ወጥመዱ ተነሳ፤ የሞተችው ግን እሱ ሳይሆን አጠገቡ ያለችው ቬክስ ናት። ልብ በሉ፣ ይህንን ጸሐፊ አላሰበውም። እ.ኤ.አ. በ2016 በቀጥታ ስርጭት ላይ ፐርሲን የሚጫወተው ታሊሰን ጃፊ በችኮላ «እነካዋለሁ» አለ፤ ቬክስን የምትጫወተው ሎራ ቤይሊ ሰውዋን አጣች። ጠላት አልገደላትም፤ የወዳጅ ግዴለሽነት ነው የገደላት። መንትያ ወንድሟ ቫክስ በሷ ምትክ ራሱን ለሞት እመቤት ሰጠ። መመለሷ ራሱ በዳይስ የሚወሰን ነበር፤ ዳይሱ እምቢ ቢል ኖሮ ቬክስ የለችም።

(በነገራችን ላይ ያቺ የሞት እመቤት በጨዋታው ላይ «የቁራ ንግሥት» ነበረች። ስሙ የጨዋታው ኩባንያ ንብረት ስለሆነ ፊልሙ ላይ «የቁራዎች እመቤት» ተባለች። ጣዖት እንኳን የባለቤትነት መብት የሚወጣበት ዘመን ላይ ደረስን!)

ፊልሙ እዚህ ቦታ ላይ ሩጫውን ይገታል። የፐርሲ ፊት ላይ ይቆያል። ማንም አይጮህበትም። ያጠፋው ሰው እዚያው ቆሟል፤ የተበደለው ወንድምም እዚያው ነው፤ ነገም አብረው መንገድ መሄድ አለባቸው። እኔ ከወንበሬ ቀጥ ያልኩት ይህን ጊዜ ነው።

ምክንያት አለኝ። እኛም ድሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ኮንከር የምንጫወት አራት ሰዎች ነበርን። አንደኛው የአራታችንንም የእቁብ ገንዘብ ይዞ ሲሄድ ታክሲ ውስጥ ረስቶት ወረደ። አልሰረቀም፣ ረሳ። ሁለቱ ወዲያው ተዉለት። እኔ «ገንዘቡ አይደለም፣ ግዴለሽነቱ ነው» አልኩ፤ ሰው ይቅር ላለማለት ሲፈልግ የሚላት ቃል ናት። ለሁለት ቅዳሜ ሳልሄድ ቀረሁ፣ በሦስተኛው እነሱም አልተሰበሰቡም። እንዲህ ነው ያለቀው። አንድ የካርቱን ልጅ ሰው ገድሎ ጠረጴዛው አልፈረሰም፤ የኛ በአንድ ፖስታ ፈረሰ።

ሌላም አለ። ፓይክ የምትባለው አገልጋይ ሴት በመጀመሪያው ምዕራፍ መሐል ከአምላኳ ጋር ያላት ግንኙነት ተቋርጦባት፣ እምነቷን ፍለጋ ቡድኑን ትታ ወደ መቅደስ ትሄዳለች። ጓደኞቿ ሲጨንቃቸው ሥጋዋ እዚያው ሆኖ መንፈሷ ብቻ ይመጣላቸዋል። በጣም ያምራል። ምንጩን ስሙኝማ፦ ተጫዋቿ አሽሊ ጆንሰን «ብላይንድስፖት» ለሚባል የቴሌቪዥን ድራማ ኒውዮርክ ሥራ አግኝታ ሐሙስ ሐሙስ መምጣት አልቻለችም። ሲመቻት ደግሞ በኢንተርኔት ቪዲዮ ትገባለች። ሥራ አገር ለቃ የሄደች ጓደኛ ናት እንግዲህ በፊልሙ ላይ የእምነት ቀውስ የሆነችው! ልጆቻችንና ወንድሞቻችን ከዋሽንግተንም ከሪያድም በስልክ ብቻ በበዓላችን ላይ ለሚገኙልን ለኛ፣ መንፈሱ ብቻ የመጣ ሰው ምን እንደሚመስል መናገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ጸሐፊዎቹ አጋጣሚውን ደብቀው አላለፉትም፤ ባዶውን ወንበር ታሪክ አደረጉት።

ታዲያ እንዲህ የሚችሉ ሰዎች ከሁለተኛው ምዕራፍ አጋማሽ በኋላ ለምን ወደ ሩጫው እንደተመለሱ አይገባኝም። አራት ዘንዶዎች ከተማውን ያቃጥላሉ፤ እነሱን ለመግደል ጥንታዊ ትጥቆች መሰብሰብ አለባቸው። ወደዚህ ሂድ፣ ትጥቁን አምጣ፣ ተዋጋ፣ ወደዚያ ሂድ። ከጨዋታው የተወረሰው ደካማው ነገር ይህ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ሲሆን በትጥቅና በትጥቅ መሐል የሁለት ሰዓት ወሬ፣ ንትርክና ሳቅ አለ፣ ፊልሙ ያንን ቆርጦ ትጥቁን አስቀረው። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ፐርሲ ራሱ በጥይት ይሞታል። እንባዬ መጣ መጣ ሲል ወደ እህቴ ልጅ ዞር አልኩ፤ ጫማውን እያሰረ ነው። «ምነው?» ብለው «ምዕራፉ ሳያልቅ ይመለሳል፣ ጋሼ» አለኝ። ተመለሰም። ቬክስ ስትሞት ልጁ ጫማውን አላሰረም ነበር፤ እዚያ ላይ የዳይሱ ድምፅ ገና ይሰማል፣ እዚህ ላይ የሚሰማው የጸሐፊው ብዕር ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ከልጆቹ አንዱ ቀረ። «ጋሼ፣ ለዛሬ ብቻ» አለኝ የእህቴ ልጅ፣ ወንበሩን እየሳበ። ምን ልሁን አልኩት። «አዝማሪ» አለ። ቅኔ የሚያውቅ ከሆነ እሺ ብዬ ተቀመጥኩ፣ ዳይሱንም ወረወርኩ። ሁለት መጣ። ልጆቹ ሲስቁ፣ ክራሬ መንገድ ላይ ወድቆ መሰበሩን አጫዋቹ ነገረኝ።