«በየ8 ሰዓቱ»፦ በመድኃኒት አወሳሰድ መመሪያ ቋንቋ ላይ የቀረበ ሂስ

ለሕመምተኞች የሚሰጠው «በየ8 ሰዓቱ ይወሰድ» የሚለው መመሪያ በሰዋስው ረገድ እንከን የለበትም፤ በፍች ግን አሻሚ ነው። «ሰዓት» የጊዜ ርዝመትንም ቁርጥ ያለ ጊዜንም ስለሚያመለክት፣ ሕመምተኛው «በየዕለቱ ከቀኑ በ8 ሰዓት» ብሎ ቢረዳው ቋንቋው አያግደውም። እንዲህ የተረዳ ሰው ከታዘዘለት አሞክሲሲሊን በቀን ከሦስቱ አንዱን ብቻ ይውጣል፤ መድኃኒቱም ከደም ቶሎ ስለሚወገድ ባክቴሪያዎቹ ፋታ ያገኛሉ። «በቀን 3 ጊዜ» የሚለው አማራጭም ችግሩን አይፈታም፤ «ቀን» 24 ሰዓትንም፣ ከንጋት እስከ ምሽት ያለውንም ጊዜ ብቻ ይገልጻልና። ስለዚህ ተርጓሚው ሰዓቶቹን ለይቶ ቢጽፍ ይመረጣል፦ «ከጠዋቱ በ12፣ ከቀኑ በ8፣ ከምሽቱ በ4 ሰዓት»። ሐረጉ ቢረዝምም አንድ ፍች ብቻ አለው።