«ከተፈጥሮ የተገኘ» ስለሚባሉት ቅባቶችና ሳሙናዎች አጭር ሂስ

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በከተሞቻችን መደብሮች፥ በውጭ አገር በሚኖሩት ወገኖቻችን ሱቆችም ጭምር፥ «ከተፈጥሮ ብቻ የተሠራ»፥ «ኬሚካል የሌለበት»፥ «የእናቶቻችን ጥበብ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈባቸው ቅባቶች፥ ሳሙናዎችና የጠጉር ማለስለሻዎች በብዛት ይታያሉ። ከፋብሪካው ዕቃ ወደነዚህ መዞርም እንደ ብልኅነት ይቆጠራል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ስሙን ነው፤ «የተፈጥሮ» የሚለው ቃል ለገዥው ምን ይነግረዋል፥ ምንስ ይሸሽገዋል? ነገሩ የቆዳና የዓይን፥ የሕፃናትም ጤና ጉዳይ ስለ ሆነ እንደ ቀላል የገበያ ወሬ ሊታለፍ አይገባውም። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ወደነዚህ ዕቃዎች የሚዞረውን ሰው በከንቱ አንነቅፍም፤ የሚሸሸው ነገር አለውና። ቆዳ ያነጣሉ ተብለው ከሚሸጡት ቅባቶች አንዳንዶቹ ባዜቃ፥ ማለት ሜርኩሪ፥ እንዳለባቸው በልዩ ልዩ አገሮች በተደረገ ምርመራ ታውቋል። ባዜቃ ለቆዳ ጥቁረት የሚሰጠው ሜላኒን እንዳይሠራ ያግዳል፤ ነገር ግን በቆዳ አልፎ እየገባ ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል፤ ቅባቱን የተቀባችው እናት የምታቅፈው ሕፃንም ከጉዳቱ አያመልጥም። በ2013 የተፈረመው የሚናማታ ስምምነት ከሚሊዮን አንድ እጅ በላይ ባዜቃ ያለበት መኳኳያ እስከ 2020 ድረስ እንዲቀር ወስኖ ነበር፤ በ2023 የተደረገው ጉባኤም ያችን አንድ እጅ እንኳ አነሣት። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ቅባት ጥሎ ወደ ለጋ ቅቤ የተመለሰ ሰው በእርግጥ ተጠቅሟል። የተጠቀመው ግን ባዜቃውን በመተው ነው፤ ቅቤው ከላም በመገኘቱ አይደለም።

አሁን ወደ ቃሉ እንመለስ። «ኬሚካል የሌለበት» የሚለው አነጋገር የመጀመሪያ ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪ እንኳ የሚስቅበት ነው፤ ውሃም ኬሚካል ነውና። ሳሙናማ ስብ ከሶዳ ወይም ከፖታሽ ጋር ካልተዋሐደ ሳሙና ሊሆን አይችልም፤ በአመድ ውሃ የተሠራውም ቢሆን ያው ነው። «የተፈጥሮ» የሚለውም ቢሆን ከዚህ ብዙ አይሻልም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እንኳ ለመኳኳያ ዕቃ የዚህን ቃል ትርጉም የሚወስን ደንብ አላወጣም። ቃሉ ባለቤት የለውም፤ የፈለገ ሁሉ ያነሣዋል።

ለነገራችን ከሁሉ የሚሻል ምሳሌ የሚሆነን እንዶድ ነው። ያገራችን ሰው የፋብሪካ ሳሙና ከመምጣቱ በፊት ልብሱንና ገላውን ሲያጥብበት ኖሯል። ፍሬው ደርቆ ይወቀጥና በውሃ ሲታሽ አረፋ ይወጣዋል፤ አረፋውን የሚሰጠው ሳፖኒን የሚባለው ነገር ነው። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው መገኘታቸውን አስተዋሉ። ከዚያም ተክሉ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ ለማጥፋት እንዲያገለግል ለብዙ ዘመን ደከሙ፤ እሳቸውና የእጽዋት ተመራማሪው ለገሠ ወልደ ዮሐንስም በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት አብረው ተቀበሉ።

ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው ለኩራት ነው፤ ለማስተዋል የምንጠቅሰው ግን ጥቂት ጊዜ ነው። ልብስ የሚያነጻው እንዶድና ቀንድ አውጣ የሚገድለው እንዶድ አንድ ነው። ሳፖኒን እድፍን ከጨርቅ እንደሚያስለቅቅ ሁሉ የሕያው ሕዋስን ሽፋንም ያፈርሳል፤ ዓሣም ይገድላል። ዱቄቱ አፍንጫ ሲገባ ያስነጥሳል፥ ዓይን ሲገባ ያቃጥላል። ይህን የምትወቅጠው ሴት አሳምራ ታውቀዋለች፤ ስትወቅጥ ፊቷን ትሸፍናለች፥ ልጆቹን ታርቃለች፥ ያጠበችውንም ደጋግማ በንጹሕ ውሃ ታለቀልቃለች። ተክሉን በወንዝ ውስጥ ለመጨመር ሲታሰብ ዓለም አቀፍ ድርጅቶች የመርዛምነቱ ምርመራ በውጭው ዓለም ደረጃ ተሟልቶ እንዲቀርብ ጠየቁ፤ ሥራውም በዚህ ብዙ ዘገየ። ጥያቄው ለድኻ አገር ተመራማሪ ከመጠን ያለፈ ነበር የሚሉ አሉ፤ እኛም ከነሱ ጋር ነን። ቢሆንም ያው ተክል በሻምፖ ጠርሙስ ተሞልቶ ለራስና ለፊት ሲቀርብ፥ ስንት ግራም እንዳለበት፥ ከዓይን መራቅ እንደሚገባውም ሳይነገር «የእናቶቻችን ጥበብ ነው» የሚል ቃል ብቻ ቢበቃን፥ ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ዳር ዘለልን ማለት ነው። ጠርሙሱ ተክሉን ወሰደ፤ የእናቶቻችንን ጥንቃቄ ግን እዚያው ወንዙ ዳር ተወው።

ስለ ቅቤም እንደዚሁ ነው። ሹርባ ተሠርታ ለጋ ቅቤ የተቀባች ወይዘሮ ማማሯን የሚክድ የለም። ከቅቤ ከመቶ ሰማንያው እጅ ገደማ ስብ ነው፤ ስቡ ጠጉርን ያለሰልሳል፥ እንዳይደርቅና እንዳይሰበር ያግዛል። ሲቆይ የሚሸትተው ቡቲሪክ አሲድ ከስቡ እየተለየ ስለሚወጣ ነው፤ አደስ ተወቅጦ የሚጨመርበትም ሽታው እንዲያምር መሆኑን ማንም ባልቴት ትናገራለች። ማስታወቂያው ግን «ጠጉርን ይመግባል» ይላል። ከራስ ቆዳ በላይ የወጣ ጠጉር ሕይወት የሌለው ነገር ነው፤ ሊቀባ ይችላል እንጂ ሊመገብ አይችልም። ባልቴቷ ያላለችውን በሷ ስም መናገር እሷን ማክበር አይመስለንም።

ሎሚን ፊት ላይ መቀባትም ዛሬ እንደ ምክር ይሰጣል። በሎሚ ልጣጭና ጭማቂ ውስጥ ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ነገሮች አሉ፤ የተቀባው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ይቃጠላል፥ ውሃ ይቋጥራል፥ በኋላም ለሳምንታት ወይም ለወራት የሚቆይ ጥቁር ምልክት ይተዋል። እንደኛ ፀሐይ በበዛበት ደጋ አገር ለሚኖር ሰው ይህ ምክር ክፉ ነው። ፊቷ እንዲጠራ የቀባችው ልጅ የጠላችውን ጥቁረት ራሷ ታመጣዋለች።

እስካሁን የተናገርነው የቀድሞው ልማድ ሁልጊዜ ትክክል ነበር የሚያሰኝ እንዳይመስል ኩልን እናንሣ። በብዙ አገሮች ገበያ ተገዝተው ከተመረመሩት ኩሎች ውስጥ ዋና ነገራቸው ጋሌና፥ ማለት የእርሳስ ሰልፋይድ፥ ሆኖ የተገኙ ብዙዎች ናቸው። ጋሌና ከመሬት የሚቆፈር፥ የሰው እጅ ያልፈጠረው ድንጋይ ነው፤ ከዚህ የበለጠ የተፈጥሮ ነገር አይገኝም። የሕፃን ዓይን የተኳለ እንደ ሆነ ልጁ ዓይኑን ያሻል፥ ጣቱን ይጠባል፤ እርሳሱም በሆድ በኩል ወደ ደም ይገባል። እርሳስ የሕፃናትን የአእምሮ ዕድገት የሚጎዳ መርዝ ነው፥ ጉዳት የማያደርስበት መጠን አለ ለማለትም አልተቻለም። በዚህ ነገር ልማድን ማክበር አይገባም፤ ኩሉ ባማረ ብልቃጥ ተሞልቶ «ባህላዊ» ተብሎ ስለ ተሸጠም ነገሩ አይለወጥም።

ሂሳችን በጤና ብቻ አይወሰንም። ዝባድ ካገራችን ለሽቶ ፋብሪካዎች ሲላክ የኖረ ነገር መሆኑ የታወቀ ነው። ዝባዱ የሚገኘው ከጥርኝ ነው፤ ከዱር ተይዛ መዞሪያ እንኳ በሌላት ጠባብ የእንጨት ጎጆ ትታሰራለች፥ በየጥቂት ቀኑም ከጅራቷ ሥር ካለው ዕጢ ዝባዱ ይጠረጋል። ሩዢችካ የተባለው ኬሚስት የዝባድን ዋና መዓዛ፥ ሲቬቶንን፥ በ1926 ምን ዓይነት ቅርጽ እንዳለው ገለጠ፤ ዛሬም ሽቶ ሠሪዎች በአብዛኛው በቤተ ሙከራ የተሠራውን ይጠቀማሉ። እንግዲህ «ሰው ሠራሽ ነገር የለበትም» ብሎ የሚኮራ ሽቶ እንስሳይቱን በምን ሊያሳርፋት ነው? ጥርኝ ብትጠየቅ የቤተ ሙከራውን ትመርጥ ነበር።

አሁን ደግሞ ቅባትን ከመበላሸት ስለሚጠብቁት ቅመሞች ጥቂት እንበል፤ ሕዝቡ ከሁሉ ይልቅ የሚፈራው እነሱን ነውና። ውሃ ያለበት ቅባት መጠበቂያ ከሌለው ባክቴሪያና ሻጋታ ያበቅላል። ለዚህ ሥራ ለብዙ ዘመን ያገለገሉት ፓራቤኖች ነበሩ። በ2004 የታተመ አንድ የእንግሊዝ ጥናት በ20 የጡት ዕጢ ናሙናዎች ውስጥ ፓራቤን ማግኘቱን ገለጠ፤ ወዲያው «ካንሰር ያመጣል» የሚል ወሬ ዓለምን ሞላው። ጥናቱ ግን ለማነጻጸር ጤናማ የጡት ሥጋ አልመረመረም፥ ካንሰር አመጣ ብሎም አልደመደመም። ብዙ ፋብሪካዎች «ፓራቤን የለበትም» ብለው ለመጻፍ ሲሉ ሜቲልአይሶቲያዞሊኖን ወደሚባለው ዞሩ። ውጤቱ የቆዳ መቆጣት በብዙ አገር መብዛት ሆነ፤ የአሜሪካ የቆዳ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 «የዓመቱ አለርጂ አምጪ» ብሎ ሰየመው፥ አውሮፓም ሳይታጠቡ በቆዳ ላይ ከሚተዉ ቅባቶች ውስጥ ከ2017 ጀምሮ አስወጣው። ይኸው የአውሮፓ ሕግ አምስት ዓይነት ፓራቤኖችን ከልክሎ ሌሎቹን በመጠን ፈቅዷል። ሕጉ «ፓራቤን» የሚለውን ስም በጅምላ አላወገዘም፤ አንዱን ካንዱ ለየ፥ መጠኑንም ለካ። የምንፈልገው አሠራር ይህን የመሰለ ነው።

የመጠን ነገር ከተነሣ ጥርስን ሳናነሣ አናልፍም። መፋቂያ በእውነት የሚመሰገን ነገር ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ በ1986 ልማድ በሆነበት አገር ሁሉ እንዲሠራበት አበረታቷል፥ ለድኻም ለባለጸጋም እኩል ነው። ነገር ግን «የተፈጥሮ» የሚባሉት የጥርስ ሳሙናዎች ፍሎራይድ እንደሌለባቸው እንደ ሙያ ይናገራሉ። ፍሎራይድ ከየት የመጣ መሰላቸው? በስምጥ ሸለቆአችን የጉድጓድ ውሃ ውስጥ በተፈጥሮ ሞልቷል፤ ከመጠን በላይ በመሆኑም በዚያ ያደጉ ልጆች ጥርስ ቡናማ ሆኖ ይበልዛል፥ ሲብስም አጥንት ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ያው ፍሎራይድ በጥርስ ሳሙና በተወሰነ መጠን ሲገባ ጥርስ እንዳይቦረቦር ይጠብቃል፤ በ2021 ይኸው ድርጅት ፍሎራይድ ያለበትን የጥርስ ሳሙና ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ጨምሮታል። የጉድጓዱ ከተፈጥሮ ነው፥ የሳሙናው ከፋብሪካ ነው፤ ጥርስ የሚያበልዘው የጉድጓዱ ነው።

ስለዚህ ለባልደረቦቻችንና ለመምህራኖቻችን የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የኬሚስትሪ ተማሪዎች ከገበያ ኩል እየገዙ እርሳሱን ይለኩ፤ መሣሪያው በእጃችን ያለ ነገር ነው፥ ናሙናውም ውድ አይደለም። የባዮሎጂ ተማሪዎች ያለ መጠበቂያ የተሠሩ ቅባቶችን ከፍተው በየሳምንቱ የሚበቅልባቸውን ይቁጠሩ። ባህል የምናጠናው ደግሞ ወደ ባልቴቶቹ ሄደን እንዶዱን፥ አደሱንና እንሶስላውን በስም ብቻ ሳንመዘግብ፥ ስንት እፍኝ፥ በስንት ውሃ፥ ለስንት ጊዜ፥ ለማን እንደሚከለከልም ጠይቀን እንጻፍ። እስካሁን በየደብተራችን የሰበሰብነው የተክል ስም ብዙ ነው፤ «ለነፍሰ ጡር አይሆንም» የሚል አንድ መስመር ግን እምብዛም አይገኝበትም።