ዘይቤን ለሕፃናት ስለ ማስተማር፤ ከከዚራ የተወሰደ ትዝብት

አማርኛ በሚሰጥባቸው ክፍሎች ሁሉ የዘይቤ ነገር ሳይነሣ አያልፍም። ተነጻጻሪ፥ ተለዋጭ፥ ሰውኛ፥ ግነት፥ ምጸት እየተባለ ስሙ በሰሌዳ ይጻፋል፤ ከስሙ ቀጥሎ ትርጓሜው፥ ከትርጓሜው ቀጥሎ አንዳንድ ምሳሌ ይሰፍራል። ተማሪው ይገለብጣል፤ በፈተና ቀንም እንደ ገለበጠው ይመልሳል። እኛም በሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን በዚሁ መንገድ ተምረን መልካም ነጥብ አግኝተናል። ይሁን እንጂ ይህ አካሄድ ዋናውን ነገር የሚያስት መሆኑን በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ለኀሳባችን መነሻ የሆነን በድሬ ዳዋ ከተማ፥ በከዚራ ያየነው አንድ ደብተር ነው። ከዚራ፥ ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬ ዳዋ ከደረሰ በኋላ በፕላን የተሠራ፥ መንገዱ ቀጥ ያለና በዛፍ ጥላ የተሸፈነ ሰፈር ነው። ከመጋላ የሚለየውም የደቻቱ ወንዝ ነው፤ ወንዝ ይባል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ ነው። አንዲት የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ስለ ሰፈሯ እንድትጽፍ ታዝዛ፥ «ደቻቱ ተኝቷል፤ እናቴ ግን አታምነውም» ብላ ጻፈች። መምህሩ «ተኝቷል» የሚለውን በቀይ ሰርዞ «ደርቋል» ሲል አረመው። በዚያው ገጽ ስለ እኅቷ የጻፈችውን «ጥርሷ እንደ ወተት ነጭ ነው» የሚለውን ግን «ጎበዝ» ብሎ አመሰገናት። ጥቂት ገጾች አልፎ ደግሞ፥ «ሰውኛ ማለት ሰው ላልሆነ ነገር የሰውን ጠባይ መስጠት ነው» የሚል ትርጓሜ በልጅቱ እጅ ተገልብጦ አገኘን።

እንግዲህ የተሰረዘውን ቃል እንመርምር። ዝናም በደጋው ሲዘንብ፥ ከተማው ደረቅ ሳለ እንኳ ጎርፍ በደቻቱ ሊወርድ ይችላል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ወንዙ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ልጅቱ ያን ጊዜ አልተወለደችም፤ እናቷ ግን አልረሳችውም። የደረቀ ነገር አብቅቶለታል፤ የተኛ ግን ይነሣል። ስለዚህ «ደርቋል» ከሚለው ይልቅ «ተኝቷል» የሚለው ስለ ደቻቱ የበለጠ እውነት ይነግረናል። መምህሩ ቃሉን ሲሰርዝ የእናቲቱን ፍርሃት አብሮ ሰረዘ፤ «አታምነውም» የሚለውም ምክንያት አጥቶ ብቻውን ቀረ። የወተቱ ምሳሌ ግን ልጅቱ ያላየችው፥ ከሌላ አፍ የተቀበለችው ነው፤ የተመሰገነውም ስለ ተለመደ ነው።

ሌላም ችግር አለ። በከዚራ ክፍል ውስጥ በአማርኛ፥ በኦሮምኛና በሶማልኛ አፋቸውን የፈቱ ልጆች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። «ሆደ ቡቡ» የሚለው ሲነገር፥ መምህሩ ፍቺውን አስጽፎ ያልፋል። ነገር ግን ኦሮምኛ ተናጋሪው ልጅ ርኅሩኁን ሰው በቋንቋው «ገራ ላፋ» ይለዋል፤ ሲተረጐም ሆደ ለስላሳ ማለት ነው። ሆድ የርኅራኄ ማደሪያ መሆኑን ከቤቱ ይዞት መጥቷል። በቋንቋህ ምን ትላለህ ተብሎ ቢጠየቅ ክፍሉን ሁሉ ባስተማረ ነበር፤ ሳይጠየቅ ሲቀር ግን የራሱን ዕውቀት እንደ ባዕድ ነገር ያጠናዋል።

አሪስጣጣሊስ ስለ ቅኔ በጻፈው መጽሐፍ፥ ተለዋጭ አነጋገርን ጠንቅቆ ማወቅ ከሌላ ሰው የማይማሩት ተሰጥዖ ነው ይላል። ይህን ይዘው፥ ለሕፃን ስሙንና ትርጓሜውን ማስጠናት ይበቃዋል የሚሉ ይኖራሉ። የአገራችን ቅኔ ቤት ግን ሌላ መንገድ ያሳየናል። የቅኔ ተማሪ የሰምና ወርቅን ነገር ሰምቶ ብቻ አይቀመጥም፤ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ራሱ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ሰሙና ወርቁ መግጠማቸውን መርምሮ ያርመዋል። ተሰጥዖው ከየትም ይምጣ፥ የሚጠነክረው በመሥራትና በመታረም ነው።

ይህን ስንል የዘይቤ ስሞች አያስፈልጉም ማለታችን አይደለም፤ ወይም ልጅ የጻፈው ሁሉ ይጽደቅ ማለታችን አይደለም። የምንነቅፈው ቅደም ተከተሉን ነው። መጀመሪያ ልጁ ያየውን በራሱ ቃል ይጻፍ፤ ቀጥሎ ያን ቃል ለምን እንደ መረጠ ይጠየቅ፤ ከዚያም ተራው ቃል ቢገባ ምን እንደሚጐድል ክፍሉ ያመዛዝን። ስሙ በመጨረሻ ቢመጣ፥ ልጁ አስቀድሞ ለሚያውቀው ነገር መጠሪያ ይሆነዋል። ይህ አዲስ መጽሐፍና ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ቀዩን እስክርቢቶ ከማንሣት በፊት «ለምን ተኝቷል አልሽ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ ይበቃል።