ሳይቆጥሩ ማዘዝ፦ የድብርት መድኃኒት ለቅድመ ወር አበባ ሕመም

በደብረ ማርቆስና በአካባቢው ደጋ ወረዳዎች ወደ ተመላላሽ ክፍል የምትመጣ ሴት ስለ ወር አበባዋ ለወንድ ሐኪም በቀላሉ አትናገርም። «ራሴን ያመኛል፤ እንቅልፍ የለኝም፤ ያለ ምክንያት ሆድ ይብሰኛል» ትላለች። ብዙዎቻችንም ፈጥነን አሚትሪፕቲሊን እንጽፋለን። ይህ ልማድ ሊተች ይገባዋል።

እንደ ፍሉኦክሴቲንና ሰርትራሊን ያሉት በሴሮቶኒን ላይ የሚሠሩ መድኃኒቶች ለከባዱ የቅድመ ወር አበባ ሕመም መጥቀማቸው በማስረጃ የተደገፈ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የኮክሬን ግምገማ 31 ጥናቶችን፣ በ2024 የታደሰው ደግሞ 34 ጥናቶችን መርምሮ ይህንኑ አረጋግጧል። ለድብርት ሳምንታት ሲፈጁ ለዚህ ሕመም ግን በቀናት ውስጥ ስለሚሠሩ ከወር አበባ በፊት ባሉት 14 ቀናት ብቻ መስጠት ይቻላል፤ በየቀኑ መውሰድ ግን ሳይሻል አይቀርም። ማቅለሽለሽ፣ ድካምና የወሲብ ፍላጎት መቀነስ ጉዳቶቻቸው ናቸው። በእነዚህ ግምገማዎች የተመዘነው ግን አሚትሪፕቲሊን አይደለም፤ እርሱ ከመጠን በላይ ሲወሰድ ልብን የሚጎዳ መድኃኒት ነው።

ማስረጃውም ቢሆን ከነቀፋ ነጻ አይደለም። ከ31ዱ ጥናቶች ቢያንስ 21ዱ ከመድኃኒት ኩባንያዎች ገንዘብ አግኝተዋል። ኤሊ ሊሊ እ.ኤ.አ. በ2000 ያንኑ ፍሉኦክሴቲን «ሳራፌም» በሚል አዲስ ስም ለገበያ ሲያቀርብ፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ማስታወቂያው ከባዱን ሕመም ከቀላሉ አይለይም ሲል ወቅሶታል። በሽታን ከተለመደ ስሜት የሚለየው ድንበር ሲደበዝዝ ገበያው ይሰፋል።

ድንበሩ በእኛም ዘንድ ደብዝዟል። እ.ኤ.አ. በ2014 በመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ የታተመው ጥናት ችግሩን በ37 በመቶዎቹ ላይ ማግኘቱን ገልጿል። ብዙዎቹ ከትምህርት መቅረታቸው ችግሩ እውነተኛ መሆኑን ያሳያል። ሆኖም መጠይቁ የተሞላው በአንድ ጊዜ ነው፤ ከባዱን ሕመም ለማረጋገጥ ደግሞ ቢያንስ በሁለት ዑደቶች ምልክቶችን በየቀኑ መመዝገብ ያስፈልጋል።

ስሕተቱ የእኔም ነው። ለወራት አሚትሪፕቲሊን ያዘዝኩላት አንዲት እናት እያንቀላፋች ከሥራዋ ተስተጓጎለች። ዘግይቼ ብጠይቃት «ደሜ ሲመጣ ይለቀኛል» አለችኝ። ይህን አንድ ጥያቄ መጀመሪያ መጠየቅ ነበረብኝ።

መዝገቡ ለገጠር እናቶች አይሆንም የሚለው ምክንያት አያሳምንም። ወሩን በሚካኤል፣ በማርያም፣ በመድኃኔዓለም የምትቆጥር ሴት ሕመሟ የጀመረበትንና የለቀቃትን ዕለት ፊደል ሳትቆጥር ልትነግረን ትችላለች። እኛ ደግሞ ካርዷ ላይ እንጻፈው። የደም ማነስን፣ የእንቅርት ሕመምን፣ ወሩን ሙሉ የማይለቅ ድብርትንና ራስን የመግደል ሐሳብን እንመርምር፤ የማኒያ ታሪክ መኖሩንም እንጠይቅ። ከዚያ በኋላ ፍሉኦክሴቲን ካስፈለገ 20 ሚሊ ግራም ይታዘዝ። ከመድኃኒቱ በፊት ግን ቆጠራው ይቅደም።