ከ135ኛው ፎቅ ጭሱ አይታይም

«ዘ ታወሪንግ ኢንፈርኖ» በ1974 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ፊልም ነው። በእኛ አቆጣጠር 1967 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ንጉሡ የወረዱበት ዓመት። ዳይሬክተሩ ጆን ጊለርሚን ነው፤ ፖል ኒውማን አርክቴክቱን፣ ስቲቭ ማክዊን የእሳት አደጋ አለቃውን ሆነው ይሠራሉ። ታሪኩ ቀላል ነው፦ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ 138 ፎቅ ያለው ሕንጻ ሲመረቅ፣ እንግዶቹ 135ኛው ላይ ሻምፓኝ እየጠጡ ሳለ 81ኛው ላይ እሳት ይነሳል።

ስለዚህ ፊልም ሲወራ ሁሉም የሚያነሳው ነበልባሉን ነው። እኔን የያዘኝ ግን ከነበልባሉ በፊት ያለው ወሬ ነው። አርክቴክቱ ያዘዘው የኤሌክትሪክ ሽቦ እንዳልተገጠመ ይደርስበታል። ርካሹን ያስገባው የባለሕንጻው አማች ነው። ባለሕንጻው ደግሞ እሳት መነሳቱ ሲነገረው ድግሱን አላቋርጥም ይላል። ክፋት የለበትም እኮ፤ ጭሱ እሱ ጋ አልደረሰም፣ በቃ።

አዴት አካባቢ የሳር ክዳን ቤት ሲቃጠል ጭሱን መጀመሪያ የሚያየው ጎረቤት ነው። እሪ ሲባል ያገኘውን ይዞ የማይሮጥ የለም፤ እሳቱ ወደ ሌላው ቤት እንዳይሻገር ክዳን የሚያፈርስ ያፈርሳል። ሳር ቤት ይሻላል እያልኩ አይደለም፣ ቶሎ ይጋያል። ግን «አልሰማሁም» ማለት አይቻልም። ፊልሙ የሚያሳየን ተቃራኒውን ነው፦ የሚወስነው ሰው ከጭሱ ከሁሉም ርቆ ተቀምጧል።

የማልስማማው መጨረሻው ላይ ነው። አማችየው ራሱን ለማዳን ሲጋፋ ይሞታል፤ ጣሪያው ላይ ያሉት የውሃ ታንከሮች ፈንድተው እሳቱን ያጠፉታል። ጥፋተኛው ተቀጣ፣ ውሃውም ከላይ ወረደ። ተመልካቹ ቀለል ብሎት ይወጣል።

ለንደን ያለው ግሬንፌል ታወር እንዲህ አላለቀም። ሰኔ 7 ቀን 2009 ዓ.ም. ባለ 24 ፎቁ ሕንጻ ተቃጥሎ 72 ሰው ሞተ፤ ከነሱ መካከል የኢትዮጵያና የኤርትራ ተወላጆች ነበሩ። እሳቱን ሽቅብ የወሰደው ለእድሳት ተብሎ የተለበጠው የውጭ ሽፋን ነው። ነዋሪዎቹ ደግሞ «ቤታችሁ ቆዩ» ተብለው ነበር። በ2024 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የመጨረሻ የምርመራ ሪፖርት ጥፋቱን በመንግሥት፣ በአምራቾች፣ በሥራ ተቋራጮች ላይ አከፋፈለው። አንድ ክፉ አማች የለም። ጥፋቱ የብዙ ሰው ነው፣ ይኸው ነው። ፊልሙ ይህን ቢደፍር ኖሮ የበለጠ ያስፈራን ነበር።

ታዲያ ለምን እዩት እላለሁ? አሁን እኛም ከፍ እያልን ነው። የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ከ200 ሜትር በላይ ቆሟል፤ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ደግሞ መርካቶ ሸማ ተራ ሲነድ ሌሊቱን አይተናል። አዴትም ፎቅ አላት።

ስታዩት አንዲት ነገር እንዳታልፋችሁ። የማምለጫ ደረጃው ላይ ያለው በር አይከፈትም፤ ሠራተኞች ትተውት የሄዱት ሲሚንቶ ከውጭ ደርቆበታል። ከፍንዳታዎቹ ሁሉ ለእኔ የከበደችው እሷ ናት። በምንማርበት፣ በምንሠራበት ፎቅ የኋላው ደረጃ በቁልፍ ተዘግቶ ወይ ካርቶን ተደርድሮበት አላየንም? ቁልፉ ማን ጋ እንዳለስ ጠይቀን እናውቃለን?