ሲጢጥ የሚለው አዲስ ብስክሌት

ብስክሌቱ ከተገዛ ገና ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ቴላዮው ካርቦን ፋይበር ነው፤ ዋጋው ለባለቤቱ የብዙ ወራት ደመወዝ ነው። ዳገት ላይ ቀኝ እግሩ በወረደ ቁጥር ግን ከሥር «ሲጢጥ» ይላል። ባለቤቱ ጋራዥ የደረሰው ፍርዱን ይዞ ነው፦ «ቴላዮው ተሰንጥቋል፤ ጥፋቱ የፋብሪካው ነው።»

ጥሩ መካኒክ እንዲህ ያለውን ጥርጣሬ አያጣጥልም፤ ቸኩሎም አያጸድቅም። ድምፅ ብስክሌት ላይ አድራሻውን እንደሚደብቅ ያውቃል። የክራር ክር የሚመታው ከላይ ነው፤ የሚያስተጋባው ግን ገበቴው ነው። የካርቦን ቴላዮም ውስጡ ባዶ ስለሆነ ከኮርቻው ሥር የተነሣውን ድምፅ ፔዳሉ ዘንድ ያሰማል።

ስለዚህ ምርመራው የሚጀምረው ንጹሐንን ነጻ በማውጣት ነው። ባለቤቱ ከኮርቻው ተነሥቶ ሲረግጥ ድምፁ ከጠፋ፣ ተጠርጣሪው ኮርቻው ወይም ኮርቻውን የተሸከመው ዘንግ ነው። አልጠፋም። ቀጥሎ ፔዳሎቹ ይፈታሉ፤ የግራው ጥርስ ተገላቢጦሽ መሆኑን የዘነጋ ሰው እዚህ ላይ ያበላሸዋል። ጥርሱ ይጸዳል፣ ግራሶ ይቀባል፣ ይታሰራል፣ ብስክሌቱ ተነድቶ ይሞከራል። ከዚያ የመሪው ቡሎኖች ይፈተሻሉ። ብዙውን ጊዜ የሚፈቀደው ጥብቀት 5 ኒውተን ሜትር አካባቢ እንደሆነ እዚያው ላይ ተጽፎ ስለሚገኝ፣ በክንድ ግምት ሳይሆን በሚለካ ቺያቬ ይጠብቃሉ። በእያንዳንዱ ሙከራ የሚነካው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሦስቱን በአንድ ጊዜ ያጠበቀ መካኒክ ድምፁን ቢያጠፋ እንኳ የቱ ጥፋተኛ እንደነበረ አያውቅም።

የባለቤቱ ክስም ይመረመራል። ቴላዮው ታጥቦ ይደርቃል፤ መብራት በጎን ይበራበታል፤ መጋጠሚያዎቹ በሳንቲም ቀስ እያሉ ይንኳኳሉ። ደህናው ካርቦን ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ንብርብሩ የተላቀቀበት ቦታ ድምፁ የታፈነ ነው። እዚህ ብስክሌት ላይ ስንጥቅም የታፈነ ድምፅም አልተገኘም።

ይህ ማለት ግን ፋብሪካ አይሳሳትም ማለት አይደለም። በመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. የብስክሌት ዕቃዎች አምራቹ ሺማኖ ከሰኔ 2012 እስከ ሰኔ 2019 ያመረታቸውን የአልቴግራና የዱራ-ኤስ ክራንኮች (ፔዳሉን የሚሸከሙ ክንዶች) ለምርመራ ጠራ። ብዛታቸው በአሜሪካ ብቻ 680,000 ያህል ነበር። ክንዳቸው ሁለት የአሉሚኒየም ክፍሎች በሙጫ ተጣብቀው የተሠራ፣ ውስጡ ባዶ ነው፤ ማጣበቂያው ሲላቀቅ ክራንኩ ሊሰበር ይችላል። የአሜሪካ የሸማቾች ምርቶች ደኅንነት ኮሚሽን እንዳስታወቀው፣ 4,519 ጊዜ መላቀቅ ሲመዘገብ ስድስት ሰዎች ተጎድተዋል፤ አጥንታቸው የተሰበረም ነበሩ። በክንዱ ጀርባ፣ ፔዳሉ በሚታሰርበት በኩል፣ ሁለት የላቲን ፊደላት ታትመዋል። የመጀመሪያው ዓመቱን፣ ሁለተኛው ወሩን ይነግራል፤ «ኬኤፍ» ሰኔ 2012 ነው፣ «አርኤፍ» ሰኔ 2019። አሮጌ ብስክሌት ለሚገዛ ሰው እነዚህ ፊደላት ዛሬም ሊታዩ ይገባል።

የአዲሱ ብስክሌት ክራንክ ከዚያ ዘመን በኋላ የተሠራ ነው። መካኒኩ ፈትቶ ሲያወጣው ክራንኩ የሚዞርበት ኩሽኔታ ያለ ጥርስ፣ በግፊት ብቻ ቴላዮው ውስጥ የገባ ሆኖ ተገኘ። ይህ አሠራር የሚይዘው ቀዳዳው ፍጹም ክብ ከሆነና ልኩ ከተጠበቀ ብቻ ነው። ፋብሪካዎችም ችግሩን ያውቁታል፤ ብስክሌት አምራቹ ስፔሻላይዝድ በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ታርማክ ኤስኤል7 ወደ ቀድሞው ባለ ጥርስ ኩሽኔታ መልሶታል።

በግራ በኩል ባለው የኩሽኔታ መያዣ ጠርዝ ላይ ጥፍር የምታክል፣ ተፈትጋ ያብረቀረቀች ቦታ ትታያለች። እዚያ ጋ ይንቀሳቀሳል ማለት ነው። መካኒኩ ቀዳዳውን ከላይ ወደ ታች፣ ከዚያ ከፊት ወደ ኋላ፣ ሦስት ሦስት ጊዜ ለካው። 41 ሚሊሜትር ለሚሆን ኩሽኔታ የተዘጋጀው ቀዳዳ በአንዱ አቅጣጫ 40.96፣ በሌላው 41.12 ሆነ። ሞላላ ነው።

እጅን መሰብሰብ የሚከብደው አሁን ነው። ሙጫ ቀብቶ ድምፁን በአንድ ከሰዓት ማጥፋት ይቻላል፤ ነገር ግን ሙጫው ማስረጃውንም ይደፍነዋል፣ አምራቹም «ሌላ ሰው ነካክቶታል» ለማለት በር ያገኛል። ስለዚህ መካኒኩ የተፈተገውን ቦታ ፎቶ አነሣ፣ ልኩን ከነቀኑ ጻፈ፣ የቴላዮውን ተከታታይ ቁጥር መዘገበ፣ ደረሰኙን ጠየቀ። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ሻጩ ቢያንስ ለሁለት ዓመት ተጠያቂ ነው፤ ጉድለቱ በመጀመሪያው ዓመት ከታየ ሲሸጥም እንደነበረ ይገመታል፣ የማስረዳቱ ሸክምም በሻጩ ላይ ነው። ዘመድ ከውጭ ገዝቶ አዲስ አበባ ላመጣለት ሰው ግን መንገዱ ይረዝማል። ብዙ አምራቾች ረጅሙን የቴላዮ ዋስትና የሚሰጡት ለመጀመሪያው ገዢ ብቻ ስለሆነ፣ ደረሰኙ በማን ስም እንደተቆረጠ አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል።

ለሻጩ በተላከው ደብዳቤ ላይ «ተሰንጥቋል» የሚል ቃል አልተጻፈም። ሁለቱ ልኮች፣ አራት ፎቶዎችና «ቀዳዳው ክብ አይደለም፤ ቴላዮው ይቀየር» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበሩበት። ባለቤቱ ሁለት ጊዜ አንብቦ ፈረመ። ብስክሌቱም ኩሽኔታው እንደተፈታ፣ ሙጫ ሳይቀባ፣ ግድግዳው ላይ ተሰቀለ።