ሞለኪውሉ በምን ጎኑ ተኛ?

ኦሌድ በሚባለው፣ ብርሃኑን ከኦርጋኒክ ፊልም በሚያገኘው ስክሪን ውስጥ ከሚፈጠረው ብርሃን፣ ልዩ ዘዴ ካልታከለበት፣ ወደ ውጭ የሚወጣው 20 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የቀረው በፊልሙና ፊልሙ በተነጠፈበት መስታወት ውስጥ ይታሰራል፤ ወይም የብረቱ ኤሌክትሮድ ይውጠዋል። በባቲ የቀትር ፀሐይ ስልኩን በመዳፉ ከልሎ ዋጋ የሚጠይቅ ነጋዴ ብርሃኑን ከፍ ሲያደርግ ባትሪው ቶሎ የሚያልቀው ለማያየው ብርሃን ጭምር ስለሚከፍል ነው።

ሥራዬ ብርሃን ሰጪ ኦርጋኒክ ፊልሞችን መስታወት ላይ ማንጠፍ ነው። በዚህ ሙያ ብዙ ሰው የሚደክመው አዲስ ሞለኪውል ፍለጋ ነው። እኔ ደግሞ የሥራው ግማሽ የሚያልቀው ሞለኪውሉ በሚያርፍባት ቅጽበት ነው ባይ ነኝ።

ሞለኪውል በሁሉም አቅጣጫ እኩል አያበራም። ብርሃኑን የሚያመነጨው የኤሌክትሪክ ንዝረት የራሱ መስመር አለው፤ ብርሃኑ ከመስመሩ ወደ ጎን ይወጣል እንጂ በጫፎቹ በኩል አይወጣም። መስመሩ ከፊልሙ ጋር ከተጋደመ ብርሃኑ ወደ ተመልካቹ ይሄዳል፤ ቀጥ ብሎ ከቆመ ፊልሙ ውስጥ ለውስጥ ይባክናል። ሞለኪውሎቹ በዘፈቀደ ከተበተኑ የተጋደመው ድርሻ ሁለት ሦስተኛ ነው። ሁሉም ቢጋደሙና የንጣፎቹ ውፍረት ቢስተካከል፣ በስሌት ከ40 በመቶ በላይ ብርሃን ማውጣት ይቻላል።

ታዲያ ማን ያጋድማቸዋል? አየር በተመጠጠበት ክፍል ውስጥ ዱቄቱ በትንሽ ጽዋ ይሞቃል፤ ይተናል፤ ከላይ በተሰቀለው መስታወት ላይ በሰከንድ 0.1 ናኖሜትር ያህል እየጨመረ ይደረደራል። ነገሩ የባቲን የሰኞ ገበያ ይመስላል፦ ማልዶ የደረሰ ሰው ወዲያ ወዲህ ብሎ ቦታውን ይመርጣል፤ ሕዝቡ ከከበበው በኋላ ግን ባለበት ይቀራል። አዲስ ያረፈ ሞለኪውልም ሌሎች እስኪጫኑት ድረስ መገላበጥ ይችላል። ስለዚህ ፍጥነቱና የመስታወቱ ሙቀት የባለሙያው እጅ ናቸው። ረዘም ያሉ ሞለኪውሎች ቀዝቀዝ ባለ መስታወት ላይ ይጋደማሉ፤ ሙቀቱ ፊልሙ ወደሚላላበት ደረጃ ሲጠጋ ቀና ማለት ይጀምራሉ፤ ካለፈ ደግሞ ሥርዓቱ ይጠፋል።

ቅርጽ ብቻውን ግን አይወስንም። አረንጓዴ የሚያበራው፣ ሦስት ተመሳሳይ ክንፎች ያሉት የኢሪዲየም ውህድ በዘፈቀደ ይተኛል። አንዱ ክንፉ አሴቲልአሴቶኔት በሚባል ሌላ ክንፍ ሲተካ የተጋደመው ድርሻ ወደ ሦስት አራተኛ ከፍ ይላል፤ አዲሱ ክንፍ በእድገት ላይ ካለው ፊልም ወደ ባዶው ክፍል መዞር ስለሚወድ ነው።

ሌላው መንገድ ረጃጅም ፖሊመሮችን በፈሳሽ አሟሙቶ ማንጠፍ ነው። በስዊድን የእነ ኦሌ ኢንጋኔስ ቡድን በፈረንጆቹ 1995 ፖሊቲዮፌን ፊልም ስቦ በመዘርጋት ሰንሰለቶቹን ወደ አንድ አቅጣጫ አስያዛቸው፤ ከመሣሪያው የወጣውም ብርሃን በአብዛኛው ባንድ አቅጣጫ የሚነዝር ሆነ። ከዚሁ የስዊድን ተመራማሪዎች ማኅበረሰብ ጋር የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ኬሚስት ወንድማገኝ ማሞ ለፀሐይ ሴል የሚሆኑ ፖሊመሮችን ሠርቷል። ሕጉ እዚያም ያው ነው፦ የተጋደመ ሰንሰለት ከላይ የሚመጣውን ብርሃን በደንብ ይቀበላል።

አተኛኘቱን የምናየው በማይክሮስኮፕ አይደለም። ናሙናውን ግማሽ ሲሊንደር ቅርጽ ባለው መስታወት ላይ በዘይት እናጣብቃለን፤ በአልትራቫዮሌት እናበራዋለን፤ ከዚያ ቀስ እያልን እያዞርን፣ ፖላራይዘር በሚባል የብርሃን ማጣሪያ አሳልፈን፣ በየማዕዘኑ የሚወጣውን ብርሃን እንለካለን። ከ45 ዲግሪ ወዲያ ጉብታ ከታየ የቆሙ ሞለኪውሎች አሉ ማለት ነው። ጉብታው ካነሰ ንጣፉ ሰምሯል።

ይህን ለማድረግ የግድ የፋብሪካ ማሽን አያስፈልግም፤ የብርሃን ምንጭ፣ ፖላራይዘር፣ ስፔክትሮሜትርና የሚዞር መድረክ ይበቃል። ከባቲ ብዙም በማይርቀው የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ለምትማሩ ወጣቶች የምለው ይህንኑ ነው፦ ሞለኪውል ከመሥራታችሁ በፊት አተኛኘቱን መለካት ጀምሩ። ያልተለካ ንጣፍ፣ ቢያበራም፣ ያለቀ ሥራ አይደለም።